ዘይኑና የሳሳው አየር

መንደራችን ጉም በር ከጎረቤላ ከተማ በላይ ናት። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከእግራችን ሥር ይነሳል፤ ገደሉን ቀስ እያለ ይወጣና ደጃፋችን ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ አንዳንድ ቀንም ሳያስፈቅድ ይገባል። ከቤቱ ብቅ ሲል ደመና ከበታቹ እያየ ያደገ ሰው ስለ ሰማይና ስለ ንፋስ የማያውቀው ያለ አይመስለውም። እኛም እንዲያ ነበርን። «ንፋስማ የጉም በር ንፋስ!» እያልን እንደ ጥሩ በሬ ስንኮራበት ኖረናል። ንፋስም እንደ እህል ከባድና ቀላል እንዳለው የሰማነው ከአንድ የቆላ ሰው ነው፤ ከዘይኑልአቢዲን።

ዘይኑ የአልዩ አምባ ልጅ ነው። አባቱ ነጋዴ ነበሩ፤ ለእሱ ግን ንግድ አልሆነለትም። ጨው ሚዛን ላይ አስቀምጦ ሐሳቡ ሌላ አገር ይሄድበታል፤ ገዢው ቆሞ ቆሞ ጨውን ራሱ ቋጥሮ ይሄዳል አሉ። በኋላ የተቃጠለ ዲናሞ ሽቦ እየፈታ መልሶ መጠምጠም ተማረ። ለዚህ ሥራ ደግሞ ሐሳበኛ ሰው የተፈጠረ ይመስለኛል፤ እጁ እዚህ ሲጠመጥም ልቡ እንዳሻው ይዞራል። ከተገለበጠ የጭነት መኪና የወጣ አንድ ዲናሞ ገዛ፤ ከወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ሦስት ክንፍ ቀረጸ፤ ከከተማው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ በረጅም ብረት ሰቀለው። ንፋስ ሲመጣ ክንፉ ይዞራል፣ ዲናሞው ይዞራል፣ ባትሪው ይሞላል። ማታ ሱቁ ቦግ ብሎ ያመሻል።

ይህንን ነው ቄሱ ባለቤቴ ገበያ ወርደው ያዩት። መብራት ጎረቤላ ደርሶ ወደ እኛ ሳይወጣ እንደቀረ ነበርና፣ ቄሱ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው «ያ የቆላ ንፋስ፣ ያ ትንፋሽ የሚያህል ነገር ሱቅ ካበራ፣ ጣራ የሚገለብጠው የእኛ ንፋስ ምን ሊያደርግ ነው?» አሉ። ሁላችንም አመንን። ለዘይኑ ባዶ ቤት ተሰጠው፤ መብራቱ ዓመት ከቆየ ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ቤት መሥሪያ ቦታ ሊሰጠው ቃል ተገባለት።

ቦታውን ሊያይ የመጣ ቀን አልረሳውም። ውኃ ቀድቼ ስመለስ አፋፉ ላይ፣ ጓሳው ሣር መሐል፣ በጀርባው ተንጋሎ አገኘሁት። የወደቀ መስሎኝ ጮህኩ። እሱ ዓይኑን ከሰማዩ ሳይነቅል «እትዬ፣ ዝም ይበሉ እስቲ፤ ከላያችን ያለውን እያዳመጥኩ ነው» አለኝ። ጉሙ ተከፈለና ቆላው ሁሉ፣ ወንዙ፣ የአልዩ አምባ ቆርቆሮ ጭላንጭሉ ከታች ታየ። እንዲህ ያለ ፊት ያየሁት ሙሽራ ላይ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነው ይህ ሰው ከአገራችን ጋር ፍቅር እንደያዘው ያወቅሁት።

ሚስቱ ኩብራ ተከትላው መጣች። ኩብራ በአልዩ አምባ ያለ እሷ ሠርግ አይደምቅም የሚባልላት ዜማ አውጪ ነበረች። እኛ ዘንድ ግን ድምፅዋን የሰማ የለም። አንገቷን ደፍታ፣ ፈገግ ብላ፣ ቀስ ብላ የምትሄድ ሴት ናት። ኩራት ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ጎረቤቷ ስለሆንኩ ግን ውኃ ስትቀዳ ጄሪካኗን ከምንጩ እስከ ቤቷ በዚያች አጭር መንገድ ስንት ጊዜ እንደምታስቀምጥ አያለሁ። አንድ ቀን ከንፈሯ ጠቁሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋትና አፋጠጥኳት። በልጅነቷ መገጣጠሚያዋን አሟት ነበር፤ ሕመሙ ጉልበቷን ለቆ ልቧ ውስጥ ገብቷል። የቆላው ጤና ጣቢያ ሐኪም ደጋ እንዳትወጣ ነግሯታል። ዘይኑ የልጅነቷን ሕመም ያውቃል፤ ያለፈ ነው የሚመስለው።

«በአላህ ይሁንብዎ፣ ለእሱ እንዳይነግሩት፣ እትዬ ለተጊዮርጊስ» አለችኝ፤ «ይህ ቦታ የእሱ ሕልም ነው። ልቤም ትለምደዋለች፣ ኢንሻአላህ።»

ልብ ደግሞ አገር ይለምዳል? ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ፤ ቃል ቃል ነውና። እንግዲህ የእኛ መብራት ጉዳይ እንዲሁ ይወራ እንጂ፣ በዚያ ዓመት ጉም በር ላይ በእውነት የነበረው ጭንቅ የዚህች ሴት ትንፋሽ ነበር። ትንፋሽዋ እያለቀ፣ ባሏ ስለ ንፋስ እያለመ፣ እኛ መሐል ቁጭ ብለናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይህንን ነው።

ምሰሶው ቆመ። ክንፉ ዞረ። ሴቱ እልል አለ፣ ቄሱ መረቁ። ማታ ላይ መብራቱ ወጣ፤ ግን እራት ተበልቶ ሳያልቅ እንደ ጭስ ቤት ኩራዝ ቀልቶ ቀልቶ ደከመ። በማግስቱም እንዲያው። «የቆላ ዕቃ ደጋ አልተስማማውም» ተባለ። ዘይኑ ግን አልተከፋም፤ ይልቅ አንድ የሚጣፍጥ እንቆቅልሽ እንደሰጡት ሰው ሆነ። ከፕላስቲክ ኩባያዎች የሠራት፣ የንፋስ ፍጥነት የምታሳይ ትንሽ መዘውር ነበረችው። አልዩ አምባ ጉብታ ላይ በምትዞርበት ፍጥነት እዚህም ትዞራለች። የዲናሞው መለኪያ ቀስት ግን እዚያ ከምትደርስበት ዝቅ ብላ ትቀራለች።

«የእኛ ንፋስ ይበረታል እኮ!» ብዬ ተቆጣሁ። የአገር ክብር ነው።

«አይ እትዬ፣ ጩኸቱን ነው የሚሰሙት» አለኝ በትሕትና። «ስለሚበርድዎትም የበረታ ይመስልዎታል። ሩጫው ከቆላው ጋር እኩል ነው። ግን ሲመታ ክንዱ ይዝላል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤላ ፊዚክስ የሚያስተምረው መምህር ቴዎፍሎስ መጣ። ሁለቱ አፋፉ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ባቄላዬን ይዤ እዚያው አጠገባቸው መፈልፈል ጀመርኩ። ሁለት ጎልማሶች ስለ ሴት ሳይሆን ስለ አየር እንዲህ በስስት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ቴዎፍሎስ ገለባ ክምራችንን አሳየው። «ከክምሩ ሥር አንድ ክንድ ሙሉ ብትመዝ የተጨመቀ ነው፣ ይከብዳል፤ የላይኛው ተጭኖት ይውላላ። ከአናቱ ላይ ብትወስድ ደግሞ ፈክቶ ቀላል ነው። አየርም እንዲህ ነው። አልዩ አምባ ከክምሩ ወደ ሥሩ ናት፤ እኛ ወደ አናቱ ነን። እኩል ቢሮጥም ክንፍህን የሚመታው አየር እዚህ ሳሳ ያለ ነው። ከአሥር አንድ እጅ ያህል ጎድሎብሃል።»

ዘይኑ ለረጅም ጊዜ ገለባውን አየ። «ውርጭ በሚወድቅበት ጠዋትስ?» አለ። «ኩባያዎቹ እንደ ቀትሩ ነው የሚዞሩት፣ ቀስቷ ግን ከፍ ትላለች። ፀሐይ ስትሞቅ ደግሞ ትወርዳለች።»

ቴዎፍሎስ ጭኑን በጥፊ መታ። «ብርድ አየሩን ይሰበስበዋል፣ ፀሐይ ታፈካዋለች! አየህ፣ ከፍታው የነሳህን ውርጭ በጥቂቱ ይመልስልሃል።»

«የቀረውን እኔ እሞላለሁ» አለ ዘይኑ። «የሳሳ ከሆነ ሰፋ አድርጎ ማቀፍ ነው። ክንፉን አስረዝማለሁ።» ከዚያ እንደ ልማዱ ጭልጥ አለ። «እንግዲያው መምህር፣ አየር ባሕር ነዋ። የአልዩ አምባ ሰው ጥልቁ ውስጥ ይኖራል፤ እኛ ወደ ዳር የወጣን ዓሦች ነን።»

«ላም አለኝ በሰማይ!» አልኩት፤ ሁሉም ሳቁ። ሻይ ይዛ የመጣችው ኩብራም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠና የክንፉን ምሰሶ ያዘች። ሁለቱ ወንዶች ደመናውን እያዩ ነበር።

ረጃጅሞቹ ክንፎች በሳምንቱ ተቀረጹ። ምሰሶውን በገመድ አስተኛነው፤ ዘይኑ ክንፎቹን ገጠመና ወፍራም የመብራት ገመድ ለመግዛት ደብረ ብርሃን ሄደ። ከመሄዱ በፊት መንደሩን ሰብስቦ «እንግዲህ ብርዱን አትራገሙት፤ ወዳጃችን ነው» አለን።

እማማ ባፈና ይህንን ሰምተው በጣም አዘኑ። እማማ ባፈና የመንደሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ የታረዘ ውሻ አይተው የማያልፉ። «ብርድ ደግሞ ለማን ወዳጅ ሆኖ ያውቃል?» አሉኝ። «ልጁ እኛን ላለማስቸገር ነው እንጂ። ያቺ ዲናሞ ቆላ አድጋ፣ ይህ ውርጭ ራቁቷን ሲያገኛት ምን ጉልበት ይኖራታል?» የሟች ባላቸውን ጥቁር የበግ ጠጉር ባና ከሣጥን አወጡ። ዲናሞውን እንደ ሕፃን ጠቅልለው፣ በጠጉር ፈትል ጥብቅ አድርገው ሰፉት። ክሩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ፤ ስፌቱ ያምር ነበር። ከዚያ «ሲመለስ ቆሞ ያግኘው፣ ደስ ይበለው» ተባባልንና መንደሩ በደቦ ወጥቶ ምሰሶውን አቆመ።

ኧረ እንዴት ዞረ! በዚያ ምሽት ቤታችን ውስጥ የግድግዳው ጭረት ሳይቀር ታየ። እማማ ባፈና «አላልኳችሁም? ሞቋት ነው!» እያሉ ከቤት ቤት ዞሩ። በማግስቱ ቀትር ላይ የሚቃጠል ጠጉር ሸተተን። የበግ ጭንቅላት የሚለበልብ ሰው ያለ መስሎን ስንፈልግ፣ ክንፉ ይዞራል፣ ጭሱ ግን ከምሰሶው ጫፍ ይወጣል።

ዘይኑ የደረሰው ምሰሶውን አስተኝተን እንደ ለቅሶ ቤት ከበን ስንቀመጥ ነው። ባናውን ፈታ። ውስጡ ያለው ሽቦ ከሰል ሆኗል። ይጮህብናል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ ቆየና እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«እማማ» አለ፤ «ለእኔ እንኳ እንዲህ ያለ ባና ያለበሰኝ ሰው የለም።» ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳን። ዲናሞ ሲሠራ እንደ አራሽ ይሞቀዋል፤ የሚያቀዘቅዘው ይኸው ንፋስ ነው። ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ስለ ሳሳ ማቀዝቀዙም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ክንፉ ረዝሞ ሥራ በዝቶበታል፤ በዚያ ላይ ባና። እማማ ባፈና አለቀሱ። እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

መጠምጠሚያው አልዩ አምባ ሱቁ ውስጥ ነው ያለው። በገበያው ቀን ዲናሞውን በእኔ አህያ ጫንንና ወረድን፤ እሱ፣ ኩብራና እኔ። ዘይኑ ወደ እኛ ከመጣ ወዲህ ይህንን መንገድ ከሚስቱ ጋር ሄዶት አያውቅም። እሷ ሁልጊዜ ከእኛ ከሴቶቹ ጋር ወርዳ፣ እናቷ ዘንድ አድራ፣ በማግስቱ ትወጣለች፤ እሱ ምሰሶውን ትቶ የትም አይሄድም።

ከመንገዱ ወገብ ላይ አንዲት ትልቅ ወይራ አለች። ወራጁም ወጪውም የሚያርፍባት ናት። ከወይራዋ ትንሽ ዝቅ እንዳልን ኩብራ ማንጎራጎር ጀመረች። ለእኔ አዲስ አይደለም፤ በየገበያው እሰማዋለሁ። ፊት ፊት ይሄድ የነበረው ዘይኑ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እሷ ናት?» አለኝ፤ ሚስቱን ሳይሆን እኔን።

እየወረድን ስንሄድ ድምፅዋ እየተከፈተ መጣ። አየሩ ሞቀ፣ የግራር ሽታ መጣ፣ የማሽላ ማሳ ታየ። አልዩ አምባ መግቢያ ላይ ስንደርስ የሠርግ ዜማ እያወጣች ነበር፤ ገበያተኞቹ ሴቶች እያጨበጨቡ ይቀበሏታል። ዘይኑ አህያዋን ይዞ፣ በሕልሙ እንደሚሄድ ሰው ፈገግ እያለ ይከተላል። ምን እያሰበ እንደነበር አላውቅም። ደስ ብሎት ነበር፣ ያ ብቻ ያስታውቃል።

በማግስቱ ዲናሞው ተጠምጥሞ፣ አህያዋ ተጭና፣ ዳገቱን ጀመርን። ኩብራ ስትነሳ እየዘፈነች ነው። ዘይኑ ዛሬ ከኋላዋ ሆነ። ቀስቷን ሲያይ የማውቀውን አስተያየት ያኔ ፊቱ ላይ አየሁት። መጀመሪያ ሁለት ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ታወጣ ነበር። ቆይቶ አንድ ስንኝ ሆነ። ከዚያ ግማሽ። ወይራዋ ሥር ስንደርስ ዜማው አለቀ፤ ሻርፗን የምታስተካክል መስላ ደረቷን ያዘች። ዘይኑ ከንፈሯን አየ። ቀና ብሎ ተራራውን አየ፣ ዞሮ ቆላውን አየ። ከአሥር የጎደለችውን አንድ እጅ ሲፈልግ የከረመ ሰው፣ የት እንደጎደለች ያን ጊዜ ገባው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ዛሬ ቤታቸው ከወይራዋ በታች፣ መንገዱ ዳር ነው። ክንፉ እኛ አፋፍ ላይ ይዞራል፤ በውርጩ ወራት መብራታችን ያምራል፣ ሙቀት ሲመጣ ይሰንፋል፤ እኛም ለምደነዋል። ዘይኑ አልፎ አልፎ እየወጣ ቅባት ይቀባዋል። ወጥቶ ሲጨርስ አፋፉ ላይ፣ ሊሰጠው የነበረው ቦታ ላይ፣ እንደ ድሮው በጀርባው ተንጋሎ ትንሽ ይቆያል። ቦታውን ማንም አልወሰደውም፤ ጓሳ በቅሎበታል። አንጀቴን ይበላኛል።

እኔ ግን መንገር የፈለግሁት የአህያዋን ጭነት የማጠብቅ መስዬ ወይራዋ ሥር የሰማሁትን ነው።

«ቁጭ በይ» አላት።

«ምንም አልሆንኩም» አለች፤ ቃሉን ለሁለት ትንፋሽ ከፍላ። «ትንሽ ነው የቀረን፤ እንውጣ።»

«ለዲናሞው ክንፍ አስረዘምኩለት፣ ኩብራ። ላንቺ ምንሽን ነው የማስረዝመው?»

ተቀመጠች። እንባዋ ያለ ድምፅ መጣ። «መሬት ሊሰጡህ ነው። ዕድሜህን ሙሉ ያለምከው ቦታ ነው። እኔ ነኝ የማፈርስብህ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅኸኝም?» አለች፤ እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «ንፋሱን ጠዋት ትጠይቀዋለህ፤ ማታ ትጠይቀዋለህ። ዛሬ ከበደ፣ ዛሬ ቀለለ ትላለህ። እኔን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ዘይኑ ግራ ገባው። «በየጠዋቱ እንዴት አደርሽ ስልሽ አልነበረም? አልሐምዱሊላህ ስትይኝ አልነበረም?»

«እሱማ ሰላምታ ነው፣ ዘይኑ።»

እኔም የጭነቱን ገመድ እንደያዝኩ ቀረሁ። እውነቷን ነው። የእኛ ሰው የሞት አልጋው ላይ ሆኖ እንዴት ነህ ቢሉት እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው። ለሰላምታ ሕመሙን የሚመልስ ሰው ነውረኛ ነው፤ ምስጋና ቢስ ነው። ከቄሱ ጋር ስንኖር ስንት ጠዋት እንዲህ ተባብለን አልፈናል!

ዘይኑ ፊቷ ተንበርክኮ እጇን ያዘ።

«እሺ» አለ። «ይህ ሰላምታ አይደለም። እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ከልማዷ። ዓይኑን አልነቀለባትም። እሷም አየችው።

«መተንፈስ ግን አቃተኝ» አለችው።

የአህያዋን ገመድ ለእኔ ሰጠኝና ሚስቱን ደግፎ ቁልቁል ወረደ።